ዲሹን ከማውረድሽ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ አካባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ቴሌቪዥን የሚያየው በኬብል ነው። በቀደም ሲደውል ‹ዲሽ እኮ ያለፈበት ነገር ነው፣ አውርዱት› አለን። እኛ ቤት ክረምት ሲገባ ስዕሉ ይቆማል። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። እናቴ ቅዳሴና ስብከት ስለምትከታተል በጣም ታዝናለች። እውነት ዲሽ ያለፈበት ነው? ኬብልስ ለምን ወደ እኛ አልመጣም? ምን ባደርግ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ዲሽ መግጠምና መጠገን ስራዬ ነው። ይህን ጥያቄ በየቤቱ እሰማዋለሁ። መልሱን በአጭሩ ልንገርሽ፦ ዲሹን አታውርጂው። የወንድምሽ ኬብል የተዘረጋው ለወንድምሽ ሰፈር ነው። የእናንተ ቤት ችግር ደግሞ የሳተላይት ሳይሆን የአገጣጠም ችግር ይመስለኛል። የቀረውን ረጋ ብለሽ አንብቢው፣ ምክንያቱን ካወቅሽ ማንም መጥቶ አያታልልሽም።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራ ነው። የጥንቱ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው ምድር ላይ ከቆመ ማማ ነበር። ያ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ከገጠመው እዚያው ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ማሃኖይ ሲቲ የምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። ተራራ ከቧታል። የሚቀርቧት ጣቢያዎች የነበሩት ፊላደልፊያ ነው፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው። ጆን ዋልሰን የሚባል የቤት ዕቃ ነጋዴ ቴሌቪዥን አምጥቶ መሸጥ አቃተው። ስዕል የማያሳይ ቴሌቪዥን ማን ይገዛል? እ.ኤ.አ. በ1948 አንቴናውን ተራራው አናት ላይ ተከለና ሽቦውን እስከ ሱቁ ሳበው። መንገድ ላይ ላሉ ቤቶችም ቀጠለላቸው። በዚያው ዓመት ኦሪገን ውስጥ አስቶሪያ በምትባል ከተማ ኤድ ፓርሰንስ የሚባል ሰው የሲያትልን ጣቢያ ሆቴል ጣሪያ ላይ በተሰቀለ አንቴና ተቀብሎ ለጎረቤት በሽቦ አደለ። ማን ቀደመ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ኬብል ቴሌቪዥን ግን እንዲህ ተጀመረ።

ይህ ታሪክ የኛም ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሞገዱ የሚነሳው ከአዲስ አበባ ነበር። ያ ሞገድ ጣርማ በርን ተሻግሮ ቁልቁል ደብረ ሲና አይወርድም። የጃማን ሸለቆ ገብቶ መርሐቤቴን አያገኝም። ለዚህ ነው በየከፍታው ማስተላለፊያ ማማ መትከል የግድ የሆነው። ማማው የማያየው ቤት ደግሞ ረጅም እንጨት ላይ አንቴና አስሮ ያዞራል። ጣሪያ ላይ ያለው «መጣ?» ይላል። ቤት ያለው «አለፈ፣ ትንሽ መልሰው» ይላል። ያንን ዘመን ያየ ሰው ማሃኖይ ሲቲን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም።

በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ለምን ተለያየ? የኬብልን አሠራር ስታይው ይገባሻል። አንድ ማዕከል ጣቢያዎቹን ይሰበስባል። ከዚያ በወፍራም ሽቦ በየመንገዱ ይልካል። ሲግናል ሽቦ ውስጥ ሲሄድ ይደክማል፣ ስለዚህ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ማጉያ ይገባለታል። ማጉያው መብራት ይፈልጋል። ምሰሶ ይፈልጋል። ጠጋኝ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ወጪ አንድ ድርጅት አስቀድሞ ያወጣና ከደንበኛ በየወሩ ይለቅማል። ቤቶች ተጠጋግተው ከተሰሩ፣ ደንበኛውም ወርሃዊ ክፍያ ከቻለ ያዋጣል። መንዝ ላይ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ገደል ተሻግሮ ሽቦ ማን ይዘረጋል? ለአምስት ቤት ብሎ?

ሳተላይት ይህን ስሌት ጭራሽ አያውቀውም። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሽከረከር ሳተላይት ምድርን የሚዞረው ምድር በራሷ በምትዞርበት ፍጥነት ነው። ከታች ለሚያየው አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። አርተር ክላርክ የሚባለው እንግሊዛዊ ይህ ለመገናኛ እንደሚጠቅም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በ1965 «አርሊ በርድ» የተባለው ሳተላይት አትላንቲክ ላይ ቆሞ የንግድ ሥራ ጀመረ። ለሳተላይት ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ ያለ ቤትና መሐል ሜዳ ዳር ያለ ቤት አንድ ናቸው። አንድ ሺህ ዲሽ ቢጨመር ለላኪው አንድ ሳንቲም ወጪ አይጨምርበትም። ዲሹን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፣ አንዴ ብቻ።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ሁሉም ዲሽ አልገዛም? ዋጋው አይቀመስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒማን ማርከስ የተባለው የአሜሪካ የቅንጦት መደብር ለገና በዓል ካታሎጉ ላይ የቤት ዲሽ አወጣ፤ ዋጋው 36,500 ዶላር። ዲሾቹ ያን ጊዜ ከሰው ቁመት ይበልጡ ነበር፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ ደካማ ነበሩ። ከዚያ ሳተላይቱ እየበረታ፣ ዲሹ እያነሰ መጣ። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ስካይ የሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በትንሽ ዲሽ ማሰራጨት ጀመረ። በ1994 ዳይሬክቲቪ የሚባለው የአሜሪካ የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅት 45 ሴንቲ ሜትር ዲሽና ዲጂታል ሪሲቨር አብሮ ሲሸጥ ዋጋው ወደ 700 ዶላር ወርዶ ነበር።

እዚህ ላይ ዲጂታል የሚለውን እንዳታልፊው። በድሮው አሠራር የሳተላይቱ አንድ ማስተላለፊያ የሚሸከመው አንድ ጣቢያ ነበር፣ ቢበዛ ሁለት። ዲጂታል ሲመጣ እዚያው ላይ አስርና ከዚያ በላይ ጣቢያ ተጨመቀ። የአንድ ጣቢያ ኪራይ በዚያው ልክ ወረደ። ዛሬ የኛ ትናንሽ ጣቢያዎች ሳተላይት ላይ መውጣት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። አረብሳት የመጀመሪያ ሳተላይቱን እ.ኤ.አ. በ1985 ነው ያመጠቀው፣ ናይልሳት በ1998። ዲሽ በየጣሪያችን የተሰቀለው ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው። አሜሪካኖቹ ግን ያን ጊዜ ሽቦውን ዘርግተው ጨርሰዋል። እኛ ኬብል የሚባለውን ደረጃ የዘለልነው ወደ ኋላ ስለቀረን ብቻ አይደለም። ስንደርስ የተሻለ መንገድ ተከፍቶ ስለጠበቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኬብልና ሳተላይት ሁልጊዜ ጠላት አልነበሩም። ኤችቢኦ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1975 የመሐመድ አሊንና የጆ ፍሬዘርን የማኒላ የቦክስ ግጥሚያ በሳተላይት ለኬብል ድርጅቶች ላከ። ከዚያ በኋላ ነው ኬብል አገር አቀፍ የሆነው። የዜና ጣቢያው ሲኤንኤንም በ1980 ሲጀምር መንገዱ ያው ነበር፦ ከጣቢያው ወደ ሳተላይት፣ ከሳተላይት ወደ ኬብል ድርጅቱ ትልልቅ ዲሾች፣ ከዚያ በሽቦ ወደ ቤት። ልዩነቱ ሁልጊዜም የመጨረሻዋ መንገድ ላይ ነው፤ ቤትሽ የሚደርሰው በሽቦ ነው ወይስ በቀጥታ ከሰማይ? ኬብል ያላቸው ሰዎች ሰፈሩ ተሰባስቦ አንድ ትልቅ ዲሽ አስተክሏል ማለት ነው።

ወንድምሽ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም፣ ላግዘው። አሜሪካ ውስጥ የዲሽ ደንበኛ በብዛት እየቀነሰ ነው። የዳይሬክቲቪ ባለቤት የነበረው የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ ሳተላይት እንደማያመጥቅ ተናግሯል። ነገር ግን ኬብል ቴሌቪዥንም አብሮ እየቀነሰ ነው። ሁለቱንም የሚበላቸው ኢንተርኔት ነው። የኬብል ድርጅቶች የተረፉት ሽቦው ሁለት መንገድ ስለሆነ ነው። ወደ ቤት ያመጣል፣ ከቤትም ይወስዳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ይሸጡበታል። የኛ ዲሽ ግን ይቀበላል እንጂ አይልክም። ድክመቱ ይህ ነው። ዝናብ አይደለም።

አሁን ወደ ጣሪያችሁ እንውጣ።

በመጀመሪያ ዲሻችሁ የሚያየው የትኛውን ሳተላይት ነው? የኛ አገር ጣቢያዎች ብዙዎቹ ዛሬ የተሰባሰቡት ኢትዮሳት በሚባለው ሥር ነው። ሰው ኢትዮሳትን መንግሥት ያመጠቀው ሳተላይት ይመስለዋል። አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1፣ መሬት የምታይ፣ ፎቶ የምታነሳ ነበረች እንጂ ቴሌቪዥን አታስተላልፍም ነበር። የኢትዮሳት ጣቢያዎች ያሉት ኤንኤስኤስ 12 በሚባል፣ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ በሆነ ሳተላይት ላይ ነው። የሚቆመው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ሁለቱ ከደብረ ብርሃን ሲታዩ ጀርባና ፊት ናቸው።

ለደብረ ብርሃን ሒሳቡን ላስቀምጥልሽ። ናይልሳት ወደ ምዕራብ ነው፣ ከሰሜን ተነስተሽ በሰዓት ዙር ስትቆጥሪ 261 ዲግሪ፤ ከአድማስ ከፍታው 36 ዲግሪ ገደማ። ኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ 118 ዲግሪ፤ ከፍታው 67 ዲግሪ ገደማ። ኮምፓስ ከሌለሽ አንኮበር ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? የኢትዮሳት ዲሽ ፊቱ ወደ አንኮበር ነው፣ በጣም ቀና ብሎ። ዲሹ ግን ስታይው 67 ዲግሪ ያንጋጠጠ አይመስልም። የኛ ዲሾች ኤልኤንቢያቸው (ዲሹ ፊት ክንድ ላይ ያለችው ሲግናል ተቀባይ) መሀል ላይ ሳይሆን ወደ ታች ስለሚቀመጥ ዲሹ ከሚያየው ቦታ ዝቅ ብሎ የሚያይ ይመስላል። የናይልሳት ዲሽ ግድግዳ ለመምሰል ምንም አይቀረው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኢትዮሳቱ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ግቢያችሁ ወጥተሽ በዓይንሽ ብቻ መለየት ትችያለሽ። ለኢትዮሳት ተብሎ የተገጠመ ዲሽ ቀጥ ብሎ ከቆመ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ነፋሱን አስቀድማለሁ፣ ለደብረ ብርሃን ዋናው ጠላት እሱ ነውና። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ ከዞረ የሲግናሉ ግማሽ ይሄዳል። አንድ ዲግሪ በዓይን አይታይም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በምስማር የተያዘ ዲሽ ለደብረ ብርሃን ነፋስ ምንም አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ ይተነፍሳል፣ የሚይዘው እንጨትም ይላላል። ዲሽ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግድግዳ ላይ፣ በደንብ ተበስቶ፣ በፊሸርና በብሎን መያዝ አለበት። ካልሆነ የብረት ምሰሶ መሬት ውስጥ በሲሚንቶ ይተከል። ዲሽ ከፍ ማለት አለበት የሚለው እምነት ከድሮው አንቴና የቀረ ነው። ፊቱ ላይ ዛፍና ሕንጻ ካልጋረደው ደረትሽ ላይ ቢሆንም ይሠራል። እንዲያውም ዝቅ ሲል ነፋሱ ይቀንስለታል፣ ማጽዳትም ይቀላል።

ይህን መሞከር ቀላል ነው። ሪሲቨሩ ላይ ሲግናል የሚያሳየውን ገጽ ክፈቺ። ሁለት መስመር አለ። አንዱ ጥንካሬ፣ ሌላው ኳሊቲ ነው። ጥንካሬውን እርሺው፣ ሰማይ ዝም ብሎ ቢታይም ከፍ ሊል ይችላል። የሚያስፈልግሽ ኳሊቲው ነው። አንድ ሰው የዲሹን ጠርዝ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ይግፋ። ወደ አንዱ ጎን ሲገፋ ኳሊቲው ከፍ ካለ ዲሹ ድሮውንም ቦታውን አላገኘም። ተገፍቶ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ዳዶው ላልቷል።

ዝናቡስ? እውነት ነው፣ የውሃ ጠብታ የሳተላይትን ሞገድ ይመጠዋል። ግን እዚህ ላይ ደጋ መኖራችሁ ይጠቅማችኋል። በኛ አካባቢ ዝናብ ፈሳሽ ሆኖ የሚወርደው ከባሕር ወለል 5,000 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በረዶ ሞገዱን ብዙም አይጎዳውም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ሲግናሉ ዝናብ ውስጥ የሚያልፈው ከፍታ ሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዚያ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የኢትዮሳት መንገድ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው፣ ከናይልሳት ያነሰ ዝናብ ያቋርጣል። ስለዚህ ጥቁር ደመና መጥቶ ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆም ያለ ነው። በካፊያ የሚቆም ከሆነ ግን ዲሹ ሳተላይቱን በጠርዝ በኩል ነው የሚያየው፣ በትክክል አልተቃናም። ዲጂታል ስዕል እንደ ድሮው በረዶ እየመሰለ አይደክምም። ሲግናሉ ከልኩ በላይ ከሆነ ጥርት ያለ ነው፣ ትንሽ ከወረደ ጭራሽ ይቆማል። በበጋ ጥሩ ነው ማለት በደንብ ተገጥሟል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ኬብሉን እዪ፣ ከዲሹ ወደ ቤት የሚገባውን። ከኤልኤንቢው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ውሃ ይገባዋል። ያለ ጎማ ወይም ፕላስተር የተተወ ከሆነ ከክረምት በኋላ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የኤልኤንቢው የፊት ክዳንም በፀሐይና በውርጭ ይሰነጠቃል። አንድ ምልክት ልስጥሽ። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው በዚሁ ኬብል ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ሞገዳቸው ቁም ለሆነው ለቨርቲካል ጣቢያዎች (ሪሲቨሩ ላይ V) 13 ቮልት፣ አግድም ለሆነው ለሆሪዞንታል (H) 18። ኬብሉ ከበሰበሰ 18ቱ ሳይደርስ ይወርዳል። ቨርቲካሎቹ እየሠሩ ሆሪዞንታሎቹ በሙሉ ከጠፉ ዲሹን ማንም እንዲነካው አትፍቀጂ፣ መጀመሪያ ኬብሉ ይለወጥ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው አዲስ ሪሲቨር የሚገዛው፣ ያሳዝነኛል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ማንም የማያስተካክለው መቋረጥ አለ። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ቀጥታ ትገባና ዲሹን ታውረዋለች። ለኛ አካባቢ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ኢትዮሳት ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ናይልሳት ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ለተወሰኑ ቀናት በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ስዕሉ ከቆመ እናትሽን «ትንሽ ይታገሱ፣ ይመለሳል» በያቸው። ዲሽ ገጣሚ አትጥሪ።

ኢንተርኔትን በተመለከተ፣ ፋይበር ሰፈራችሁ ገብቶ ያለ ገደብ የሚከፈል ከሆነ አስገቢው። ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ከወንድምሽ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ዲሽ የማይሰጥሽን ይሰጥሻል። በሞባይል ዳታ ቴሌቪዥን ለመተካት ግን አትሞክሪ። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። እናትሽ በቀን አራት ሰዓት ቢከታተሉ በወር 120 ጊጋባይት ነው። በዲሽ ያው አራት ሰዓት የመብራት ብቻ ነው። ቀጥታ ስርጭትም በኢንተርኔት ሲመጣ ይዘገያል፤ ዲሽ ያለው ጎረቤት ለጎል ጮኾ ከጨረሰ በኋላ ነው አንቺ ጋ ኳሱ መረቡን የሚነካው። ሁለቱም ይኑሩሽ፣ እያንዳንዱ በሚችለው።

የመጨረሻው ነገር ተከራይ ወይም ወንድምና እህት በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ ዲሽ መደርደር አያስፈልግም። ከተማችን ውስጥ ያሉ ሆቴሎች በአንድ ዲሽ ሁሉንም ክፍል እንደሚያዳርሱት እናንተም ትችላላችሁ። ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ ግዙና ከእያንዳንዱ መውጫ ለየቤቱ የራሱ ኬብል ይሂድ። አንዱን ኬብል በርካሽ ማከፋፈያ ለሁለት ሪሲቨር ካካፈላችሁት አንዱ 13 ቮልት ሲጠይቅ ሌላው 18 ይጠይቃል። ኤልኤንቢው የሚሰማው ከፍ ያለውን ነው፣ የሌላኛው ቤት ጣቢያ ይጠፋል። ገጣሚው «ማከፋፈያ ይበቃል» ካለ ሌላ ገጣሚ ፈልጉ።